«ስኮላርሺፑ ደረሰህ?»

እንደምን አመሻችሁ። የምቀዳው አዘዞ ከሚገኘው ቤታችን ነው። መስከረም ጠብቶ እንኳን ዝናቡ ጎንደርን አልለቀቃትም፤ የቆርቆሮው ድምፅ ከንግግሬ ጋር ከገባ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ብዙዎቻችሁ የላካችሁልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ በሕይወት ሳይንስ የዶክትሬት ቦታ እንዴት ይገኛል? እኔን በተመለከተ ነገሩ የሚጀምረው ከእናቴ ነው። ቡና በተፈላ ቁጥር «ስኮላርሺፑ ደረሰህ?» ትለኛለች። እኔም የምፈልገው ያንኑ ቃል ይዤ ነበር። ስኮላርሺፕ ስንል ከላይ የሚወርድ፣ ባለዕድል የሚያፍሰው ሲሳይ ይመስለናል። ይህ ቃል ሁለት ዓመቴን በልቶብኛል።

በስዊድን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው የሚቀጠር ሠራተኛ ነው። ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ደመወዝ አለው፣ ግብር ይቆረጥበታል። በጀርመንም ብዙው ቦታ አንድ ፕሮፌሰር ባገኘው የምርምር ገንዘብ የሚከፈት ቅጥር ነው፤ ማስታወቂያው ላይ «65 በመቶ» የሚል ካያችሁ ከሙሉ ደመወዙ የሚከፈለው ድርሻ ነውና አትደንግጡ። የአሜሪካው መንገድ ሌላ ነው። እዚያ ማመልከቻ የሚገባው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለትምህርት ክፍሉ ነው፤ ብዙዎቹ ኅዳር 22 አካባቢ ይዘጋሉ፤ የገባው ተማሪም በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሦስት ላብራቶሪ ዞሮ ሠርቶ አማካሪውን ይመርጣል። የማመልከቻ ክፍያው ለእኛ ኪስ ከባድ ነው፤ እንዲነሣላችሁ ከመጠየቅ ግን አትፈሩ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ባስረዳኋት ጊዜ «ታዲያ ልትማር ነው ልትቀጠር?» አለችኝ። «ሁለቱንም» አልኳት። አልተዋጠላትም። ጥያቄዋ ግን እኔ ስጠይቅ ከኖርኩት ይሻል ነበር፤ ቀጣሪ የሚፈልገው ምን መሥራት እንደምትችል ማወቅ ነውና።

የመጀመሪያዎቹን ደብዳቤዎቼን ዛሬ ሳነባቸው አፍራለሁ። እኛ ማመልከቻ የለመድነው ከቀበሌ ነው፤ «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ»፣ «በትሕትና እጠይቃለሁ»፣ «ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ»። ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጬ አንዱን ደብዳቤ ወደ 40 ለሚሆኑ ፕሮፌሰሮች በተንኩት። ትጉህ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ሥራቸውን ከልብ እንደማደንቅ ነገርኳቸው፤ የትኛውን ሥራ እንደሆነ ግን አልጠቀስኩም። ሦስቱ መለሱልኝ፤ ሦስቱም ቦታ የለም አሉ።

የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን ላብራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምውለው የካላዛር ስላይድ ላይ ነበር፤ ካላዛር ጥገኛ ተሕዋሲ የሚያመጣው በሽታ ነው፣ ስላይድ ደግሞ ናሙና የሚቀባበት መስታወት። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ሰውነታቸው ከስቶ ይመጣሉ። ሐኪሙ ከጣፊያቸው በቀጭን መርፌ ናሙና ይወስዳል፤ እኛ ስላይድ ላይ ቀብተን፣ በጊምሳ ቀለም ነክረን፣ ጠብታ ዘይት ጨምረን በማይክሮስኮፑ ባለ 100 ሌንስ ጥገኛውን እንፈልጋለን። የጥገኛው ብዛት የሚመዘገበው ከ0 እስከ 6 ባለ መለኪያ ነው። 6 ለዓይን ቀላል ነው፤ አንዱ እይታ፣ ማለትም በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ ብቻ፣ ከ100 በላይ ይዞ ይጠብቃችኋል። መከራው 0 ነው። «ምንም የለም» ብሎ ለመፈረም 1000 እይታ ማሰስ ያስፈልጋል። እዚያ መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ ብቅ ስትል ጥገኛ ትሁን የቀለም ዝቃጭ መለየት፣ ዓይን እንባ እያቀረረ፣ የዕለት እንጀራዬ ነበር። ታዲያ ይህ ለደብዳቤ የሚሆን ነገር አልመሰለኝም! ሥራ ነዋ፤ ማን የዕለት ሥራውን ይጽፋል?

በመጨረሻ የጻፍኩት ደብዳቤ ስድስት መስመር ነበር። ከሕክምና በኋላ የሚቀረውን ጥገኛ የሚለካ ጥናት አንብቤ፣ እኛ ዘንድ ሁለት አንባቢዎች የሚጣሉት በ0 እና በ1 መካከል እንደሆነ ነግሬ፣ «እናንተ እንዴት አስታረቃችኋቸው?» ብዬ ጠየቅኩ። ትሕትና የሚል ቃል አልነበረበትም። በማግስቱ መልስ መጣ፤ «ስንት ስላይድ አንብበሃል?» የሚል። ቦታው በማስታወቂያ የወጣው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ከሌሎች ጋር ተወዳድሬ፣ ሦስት ሰዎች ጠይቀውኝ ገባሁ።

በነገራችን ላይ፣ ማኅተም የተመታበት የድጋፍ ደብዳቤ ለብዙዎቹ ቦታዎች አይጠቅምም። መምህራችሁ ደብዳቤውን የሚያስገቡበት ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) የሚላከው በቀጥታ ወደ ኢሜይላቸው ነው። መምህራችሁ ኢሜይላቸውን በሳምንት አንዴ የሚከፍቱ ከሆነ ሄዳችሁ በራቸው ላይ ቁሙ። ትራንስክሪፕታችሁንም በጊዜ አስወጡ፤ የወጪ መጋራት ዕዳ እንዳለባችሁ የምታስታውሱት መዝጊያው ሦስት ቀን ሲቀረው እንዳይሆን።

ስለ ፖስትዶክ እናቴ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዶክተር ከተባልክ በኋላ ደግሞ ምን ቀረ?» ከዶክትሬት በኋላ ያለውን ይህን የምርምር ቅጥር የሚገልጽ ቃል ለእርሷ አጥቼላት ነው የተውኩት።

አንዲት ጓደኛዬ ግን ገብታበታለች። ያመለከተችው በማሪ ኪዩሪ ስም ለሚጠራው የአውሮፓ ኅብረት የፖስትዶክ ፌሎውሺፕ ነው። ከመዝጊያው በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ በኖራችሁበት አገር ማመልከት አይቻልም፤ ዶክትሬቷን አገር ቤት ስለሠራች ይህ አልነካትም። እንግዲህ የመዝጊያው ቀን የዋለው መቼ መሰላችሁ? መስከረም 1 ቀን 2017፣ በብራስልስ ሰዓት አቆጣጠር ከሰዓት 11፣ በእኛ ምሽት 12 ሰዓት። ጠዋት ልጆች በሯ ላይ «አበባየሆሽ» ሲሉ እርሷ ከአማካሪዋ ጋር አረፍተ ነገር ትቆርጥ ነበር። መብራት ቢጠፋ ብላ ሁለት ላፕቶፕ ሞልታ አድራለች።

በየካቲት ውጤቱ መጣ፤ አልሆነም። ከ10,000 በላይ ሰው ባመለከተበት ውድድር ያለፉት 1,700 አይሞሉም። ነጥቧ ከ70 በመቶ በታች ቢሆን ኖሮ ልትሄድበት ባመለከተችው በዚያው ተቋም በኩል በቀጣዩ ዓመት መመለስ አትችልም ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለነበረ እቅዷን ፈትታ እንደገና ጻፈችው። በቀጣዩ ዙር ደግሞ መዝጊያው ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ላይ አረፈ። እኔ ጓዳ ለእናቴ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኬ ጮኸ። «ላክሁት» አለች፤ «ዝጋው አሁን፣ ዶሮዬን ልበልትበት።»