የውሻና የድመት ሰገራ ከጓሮ ኮምፖስታችን ይውጣ

በጅማ ለጓሮ አትክልት አልሚዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን አደራችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ስለዚህ ጓሯችሁ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ኮምፖስቱ አጠገብ የታሰረው ውሻ ላይ ነው።

ጅማ ላይ ኮምፖስት ለመሥራት የሚያስቸግር ነገር የለም። የቡና ገለፈት ሞልቷል። የጫት ገረባ በየደጁ ይጣላል። ዝናቡም አይሰስትም። ታዲያ ብዙ ሰው እንዲህ ይለኛል፦ «የላም እበት፣ የበግ በጠጥ፣ የዶሮ ኩስ ከገባ የውሻውና የድመቱ ለምን ይቀራል? ሁሉም በስብሶ አፈር ይሆን የለ?»

ሰገራው ይበሰብሳል። ውስጡ ያለው የትል እንቁላል ግን አብሮት አይበሰብስም።

የውሻ ወስፋት እንቁላል ቅርፊቱ ወፍራም ነው። አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ቡችላ ደግሞ ትሉን ከእናቱ ማህፀን ይዞት ሊወለድ ይችላል። እንቁላሉ በሕፃን አፍ ከገባ ከውስጡ የሚፈለፈለው ትንሽ ትል አንጀት በስቶ ይወጣና ጉበት፣ ሳንባ፣ አንዳንዴም ዓይን ውስጥ ይገባል። ዓይን ከገባ ማየት ሊያሳጣ ይችላል። ድመት ደግሞ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ በሰገራዋ ትጥላለች። እሱም እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ይኖራል። ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ወደ ጽንሱ ሊያልፍ፣ አንጎሉንና ዓይኑን ሊጎዳ፣ ሊያስወርዳትም ይችላል።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ለአረፋ ወይም ለፋሲካ በግ ስናርድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ፊኛ መሳይ ነገር ያያችሁ ትኖራላችሁ። ሲፈነዳ ጥርት ያለ ውሃ ይፈሳል። ውሃው ውስጥ እንደ አሸዋ የደቀቀ ነገር አለ። ያ አሸዋ የሚመስለው የትል ራስ ነው። እኛ ግን «ይሄስ አይበላም» ብለን ለውሻው እንወረውርለታለን። ትሉ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል። ሰገራው ኮምፖስት ውስጥ፣ ኮምፖስቱ ሰላጣው ሥር፣ ሰላጣው ገበታችን ላይ። ከዚያ ያ ፊኛ ሰው ጉበት ላይ ያድጋል፤ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ቆይቶ ቀዶ ሕክምና ድረስ ሊያደርስ ይችላል። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ሳንባና ጉበት ስታገኙ አቃጥሉት፤ ካልሆነም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።

«የኮምፖስቱ ሙቀትስ አይገድለውም ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ይገድለዋል፣ ግን ሙቀቱ ሁሉም ጋ ከደረሰ ነው። በትልልቅ ማምረቻዎች የሚሠራበት መለኪያ ክፍት ክምር 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ 15 ቀን እንዲቆይ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም 5 ጊዜ እንዲገለበጥ ይጠይቃል። የእኛ የጓሮ ክምር ትንሽ ነው። እምብርቱ ላይ ዱላ ብትሰኩ ትኩስ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ጠርዙ ግን ቀዝቃዛ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲመታው እምብርቱም ይበርዳል። አሜሪካ፣ አላስካ ውስጥ፣ ፌርባንክስ አካባቢ፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ የሚጎትቱ ብዙ ውሾች ያሏቸው ሰዎች ሰገራውን ከሰጋቱራ ጋር ቀላቅለው፣ ሙቀቱን በቴርሞሜትር እየለኩ ኮምፖስት ሠርተዋል። እነሱም ቢሆኑ ለሚበላ አትክልት እንዳይውል ነው የተመከሩት።

የላም እበት ንጹህ ነው ማለቴ አይደለም። ጥሬውን ሰላጣ ላይ አትበትኑት። የውሻና የድመት ትሎች ግን እበት ውስጥ የሉም፤ በደንብ ከበሰለ ለጓሮ ይሆናል።

ታዲያ የት እንጣለው? ቀላሉ መፍትሔ ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ካልሆነ ለብቻው ጉድጓድ ቆፍሩ፤ በየጊዜው አፈር አልብሱት። ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከአትክልቱም ታች በኩል ይሁን። አዌቱ ዳር ያላችሁ ደግሞ ወደ ወንዙ አትወርውሩት፤ ታች ያለው ጎረቤት በዚያ ውሃ አትክልት ያጠጣል።

ድመት ለስላሳ አፈር ትወዳለች። ስለዚህ መደባችሁንና ኮምፖስታችሁን በእሾህ ቅርንጫፍ ሸፍኑ። ሰገራዋን በየቀኑ አንሱ፤ ተውሳኩ ሰው ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋልና ቀድማችሁት ትገኛላችሁ። እርጉዝ ካለች ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይያዝላት። ውሻችሁን በየ3 ወሩ የትል መድኃኒት አስውጡት። የትኛው መድኃኒት እንደሚሆነው ሐኪሙን ጠይቁ፤ ሁሉም ሁሉንም ትል አይገድልም።

ሰገራ የገባበት ኮምፖስት ያላችሁም አትደንግጡ። ለአበባና ለአጥር ዛፍ አውሉት፣ ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ለጎመኑና ለሰላጣው አዲስ ክምር ጀምሩ።

አመሰግናለሁ። አሁን ዶማና ሜትር ይዘን ወደ ጓሮ እንውጣ፤ የመጀመሪያውን ጉድጓድ አብረን ለክተን እንቆፍራለን። ጥያቄያችሁን እዚያው ሆናችሁ ጠይቁኝ።