ሳትለኩ ሪፖርት አትጻፉ

(ሐረር ላይ ለተለማማጅ ሐኪሞችና ለራዲዮሎጂ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተለማማጅ ሐኪሞች፤ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ በአንጎል ውስጥ ስለሚገኝ የስብ ዕጢ፣ ስለ ሊፖማ ነው። በአንጎል ከሚታዩ ዕጢዎች መካከል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። “ታዲያ ለዚህ ብርቅ ነገር ምን አስጨነቀህ?” ትሉኝ ይሆናል። የሚያስጨንቀኝ ብርቅነቱ ነው። ያልለመድነውን ስናይ እጃችን ቶሎ የሚጽፈው “ለቀዶ ጥገና ይላክ” የሚለውን ነውና።

እስቲ አንዲት እናት ከባቢሌ ራሷን አሟት መጣች እንበል። ሲቲ ስካን ተነሳች፤ ወረቀቱ ላይ “የአንጎል ዕጢ” ተብሎ ብቻ ተጻፈ። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ አዲስ አበባ ይወስዳታል። የተገኘው ግን አብሯት የተወለደ ስብ ሊሆን ይችላል፤ ከራስ ምታቷ ጋርም ላይገናኝ ይችላል።

ነገሩ የሚጀምረው በፅንስነት ነው። የፅንሱን አንጎል የሚከበው የመጀመሪያው ሽፋን በጊዜው መጥፋት ሲገባው ሳይጠፋ ቀርቶ ወደ ስብ ይለወጣል። ቦታውም ከዚህ የመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መሐል መስመር ላይ ይገኛል። ግማሽ ያህሉ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች በሚያገናኘው በኮርፐስ ካሎሰም ዙሪያ ነው። ከመካከለኛው አንጎል ጀርባም ይኖራል፤ ሌላው ከፒቱታሪ (ከአንጎል ሥር ካለችው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) በላይ እና በትንሹ አንጎልና በአንጎል ግንድ መካከል ባለው ጥግ ነው። ከኮርፐስ ካሎሰም ፊት ወፍሮ ካገኛችሁት ኮርፐስ ካሎሰሙ ራሱ ሙሉ መሆኑን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነው። ከኋላ እንደ ቀጭን ክር ከተጠመዘዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው።

አሁን ወደ ሲቲው ልኬት። በተለመደው የአንጎል መስኮት (የምስሉ የጥቁርና ነጭ ማስተካከያ) ስብም አየርም ድፍን ጥቁር ናቸው። መስኮቱን አስፉት፤ ይለያያሉ። ከዚያ ትንሿን የመለኪያ ክብ ዕጢው መሐል ላይ አስቀምጡ። ጠርዙ ላይ ካልሲየም ሊኖር ስለሚችል ወደ ዳር አታስጠጉ፤ ቁጥሩን ያበላሽባችኋል። ከዜሮ በታች ከ50 እስከ 100 ሃውንስፊልድ (የሲቲ የጥግግት መለኪያ) ከወጣ ስብ ነው። አየር ከዜሮ በታች ወደ 1000 ይወርዳል፤ የአንጎል ፈሳሽ ዜሮ አካባቢ ነው። ይህ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ያለ ኮንትራስትም (ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) ይሠራል።

ኤምአርአይ ከተገኘ ሊፖማው በቲ ዋን (አንዱ የኤምአርአይ የምስል ዓይነት) ይነጣል። ጥቂት ቀናት የቆየ ደምም እንዲሁ ይነጣልና የስብን ንጣት የሚያጠፋውን የምስል ዓይነት ጨምሩ። ንጣቱ ከጠፋ ስብ ነው፤ ካልጠፋ ስለ ደም አስቡ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ዴርሞይድም (አብሮ የሚወለድ ሌላ ከረጢት መሰል ዕጢ) ስብ ይይዛል። ፈንድቶ የስብ ጠብታዎች እዚህም እዚያም ተበትነው ካያችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የአንጎል ሽፋንን ሊያስቆጣ ይችላል።

ቀዶ ጥገናውስ? እኔ በበኩሌ በጣም እፈራዋለሁ። ደም ሥሮችና ነርቮች በስቡ ውስጥ አልፈው ይሄዳሉ፤ ከአንጎሉም ጋር ተጣብቋል። ማውጣቱ ከመተዉ በላይ ይጎዳል። የሚጥል በሽታ ካለ በመድኃኒት ይታከማል፤ የአንጎል ፈሳሽ መንገድ ከተዘጋ ደግሞ መንገዱ ይከፈታል፤ ዕጢው ባለበት ይቆያል።

ስለዚህ ሪፖርታችሁ ላይ ቦታውን፣ የለካችሁትን ቁጥር፣ የኮርፐስ ካሎሰሙን ሁኔታና “አብሮ የተወለደ ሊፖማ፤ በክትትል ይታይ” የሚለውን ጻፉ። አሁን መብራቱ ይጥፋልንና ፊልሞቹን እንክፈት፤ የመጀመሪያውን የሚለካልኝ ከኋላ የተቀመጠው ወጣት ነው።