641 እዚያው ነበር

እሺ... ያ ቁጥር ገና አልለቀቀኝም። «አሁንም?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ፣ አሁንም። 4,294,967,297፣ ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር በምንም የማይካፈል) ነው ተብሎ የታመነ ቁጥር። ባለፈው ጽሑፌ ነካ አድርጌው አለፍኩ፤ እንዲያ መታለፍ አልነበረበትም።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ደብዳቤ ሲጽፍ የዚህን ቁጥር ቤተሰብ የመጀመሪያዎቹን አምስት ያውቃቸዋል። 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537። ከአንዱ ላይ 1 ቀንሱ፣ የቀረውን በራሱ አባዙ፣ 1 ጨምሩ፤ ቀጣዩ ይመጣል። አምስቱም ፕራይም ናቸው። ስለዚህ ስድስተኛውም (ያው 4,294,967,297)፣ ከሱ በኋላ ያሉትም ሁሉ ፕራይም ናቸው ብሎ አመነ። ማረጋገጫ እንደሌለው ራሱ ጽፏል። ግን አመነ።

አሁን ቀስ ልበል። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ፕራይም ካለ፣ የ64 ብዜት ላይ 1 የተጨመረበት መሆን አለበት። ይህን ያሳየው ከፌርማ በኋላ የመጣው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው። እንግዲህ ሁሉንም ቁጥር መሞከር አያስፈልግም ማለት ነው። 193፣ ይተርፋል። 257፣ እሱ ከራሳቸው ከአምስቱ አንዱ ስለሆነ ቀጣዮቹን አያካፍልም፤ ይዘለላል። 449፣ ይተርፋል። 577፣ ይተርፋል። 641... ልክ! 6,700,417 ጊዜ፣ ቅንጣት ሳይተርፍ። ኦይለር ይህን ያገኘው በ1732 ነው።

አራት ማካፈል። አራት! በእጅ የሚሠራ ነገር እኮ ነው። የሚገርመኝ ደግሞ፣ ፌርማ በዚያው በ1640 ሁለትን 37 ጊዜ አባዝቶ 1 ቀንሶ፣ ያንን ቁጥር 223 እንደሚያካፍለው ያገኘው በዚሁ ዓይነት ዘዴ ነው። መንገዱ በእጁ ነበር። እዚህ ላይ ለምን...? ሞክሮ ስሌቱ ስቶት ይሆን? እንጃ።

ደግሞ 641ን ተመልከቱት። 5 × 128 ሲደመር 1 ነው። 625 ሲደመር 16ም ነው። ከመጀመሪያው ተነስታችሁ (ሀ⁴ − 1 ምንጊዜም በሀ + 1 ይካፈላል፤ እዚህ ሀ 5 × 128 ነው) 641 ይህን ያካፍላል ማለት ትችላላችሁ፦ 5⁴ × 2²⁸ − 1። ሁለተኛውን በ2²⁸ ስታባዙት ደግሞ ይህን፦ 5⁴ × 2²⁸ + 2³²። አንዱን ከሌላው ቀንሱ። የሚቀረው 2³² + 1 ነው፤ ያው የኛው ቁጥር! ማካፈል እንኳ አላስፈለገም። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ በእውነት።

እና... ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤተሰብ አንድም ስድስተኛ ፕራይም አልተገኘም። ቆጠራው ከኤፍ 0 (ከ3) ስለሚጀምር፣ ኤፍ 5 የሚሉት ይኸው ስድስተኛው ቁጥር ነው፤ ከሱ እስከ ኤፍ 32 ያሉት ሁሉ ፕራይም አይደሉም። ኤፍ 20 ደግሞ የባሰ ነው። እንደሚካፈል ተረጋግጧል፣ በምን እንደሚካፈል ግን ማንም አያውቅም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ለምን እንደሆነ በደንብ መናገር አልችልም።

ኤፍ 33 ከ2.5 ቢሊዮን በላይ አሃዞች አሉት። እሱ ገና አልታወቀም። እኔ አምስቱ ብቻ ናቸው ባይ ነኝ... አምስት ቁጥር አይቶ ስለሌላው ሁሉ መናገር ግን፣ ኤፍ 5 ላይ የሆነውን አይተናል። እስከ ኤፍ 32 ማየትስ ቢሆን ምን ያህል...