«ተ» የምትሸሽገው፦ የሙዚየም መግለጫ ካርድ አነባበብና አጻጻፍ

[ምስል፦ ጎንደር፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም፤ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፍርስራሽ]

ለንደን፣ ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አንድ የወርቅ ዘውድ አለ። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1740 ገደማ አሠርተው ለዚህ ለቁስቋም ደብር እንደሰጡት ይገመታል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠራለን።

የሙዚየም ካርድ ስታነቡ መጀመሪያ ግሱን ፈልጉ። «ተገኘ»፣ «ተሰበሰበ»፣ «ተዛወረ» ከሆነ ቆም በሉ። ይህች «ተ» አድራጊውን ትሸሽጋለች። አንሷትና ማን እንደሆነ ጠይቁ፦ ማን አገኘ? ማን ሰበሰበ? ከማን እጅ?

[ምስል፦ ባዶ ካርድ፤ ጽሑፉ መስመር በመስመር ይወጣል]

የዘውዱን ካርድ እንጻፍ። «የወርቅ ዘውድ። ጎንደር፣ 1740 ገደማ። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1868 ከመቅደላ ዘርፎ ወሰደው።» እውነት ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። የቁስቋም ዘውድ መቅደላ ምን ወሰደው? አፄ ቴዎድሮስ በ1866 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አስዘርፈው ብዙ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ መቅደላ አስግዘዋል። ጎንደር ላይ የሚጻፍ ካርድ ይህን ከዘለለ፣ ለንደን ላይ የተቸነውን ጥፋት ራሱ ደገመው። የሚያምም ቢሆንም ይጻፍ።

[ምስል፦ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን]

ሁለተኛው ወጥመድ «ልውውጥ» የሚለው ቃል ነው። በፈረንሳዊው የባህል አጥኚ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ተልእኮ በ1932 የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ወሰደ። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ስለነበሩ መላጥና መጠቅለል ተችሏል። በምትካቸው የተልእኮው ሰዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸው ቅጂዎች ተተኩ። ዛሬ ዋናዎቹ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ስለዚህ ካርዱ ሁለቱንም ይናገር፦ ምን እንደሄደና በምትኩ ምን እንደቀረ።

ጽላት ግን ካርድም መስተዋትም አይገባውም። የብሪታንያ ሙዚየም በእጁ ያሉትን 11 ጽላት ለእይታ አያቀርብም። እዚህም ቅጂውን ወይም ፎቶውን ማሳየት ያንኑ ክብር መንካት ነው። ጽዋ ከሆነ ደግሞ ክብደቱና ወርቅነቱ ብቻ አይበቃም፤ የሚቀደስበት ንዋይ መሆኑ በመጀመሪያው መስመር ይግባ።

ከ50 እስከ 75 ቃል ለአንድ ካርድ ይበቃል። አማርኛው ይቅደም፤ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ካርድ ጽናጽልን «የሚንሿሿ የብረት መሣሪያ» ብሎ ያርፋል። የሠሪው ስም ካልታወቀ «ያልታወቀ ሰዓሊ» ብላችሁ አትዝጉት፤ ዕቃውን የወሰደው ሰው የሠሪውን ስም መዝግቦ እንደሆነ መዝገቡን ፈትሹ፤ ከሌለም «ስሙ አልተመዘገበም» በሉ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ ሰዓሊው ስም ነበረው።

[ምስል፦ በእርሳስ የታረመ ረቂቅ ካርድ]

ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ለደብሩ አለቃና ለቄሰ ገበዙ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡላቸው። «ይህ እንዲህ አይባልም» ካሉ ምክንያቱን ጠይቁ፣ አርሙ፣ ደግማችሁ አንብቡ።