በአምስተኛው ቀን የሚወረውረው ሰው

ባሕር ዳር ላይ ለአሠልጣኞችና ለስፖርት መምህራን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ የስፖርት መምህራን፣ ልጆቻችሁን ተከትላችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንደምን አደራችሁ! ከሞጣም፣ ከቢቸናም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከዳንግላም መንገዱን ችላችሁ የገባችሁ ሁሉ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ስለ ቤዝቦል ልናገር ነው ስል ከአዘጋጆቹ አንዱ ደንገጥ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እሱን እዚህ ማን ይጫወተዋል?» አለኝ። ማንም አይጫወተውም። እኔም ተጫውቼው አላውቅም። ዳላስ 14 ዓመት ታክሲ ስነዳ ነው የለመድኩት፤ ማታ ማታ ሬዲዮኑም እሱን ነው የሚያወራው፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰውም እሱን። ከዚያ በፊት ግን እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የትምህርት ቤት እጅ ኳስ አሠለጥን ነበር። ያኔ የሠራሁት ጥፋት የገባኝ እዚያ ማዶ፣ መሪ ጨብጬ ሬዲዮ ስሰማ ነው። ስለዚህ ታገሡኝ፤ ዞሬ ዞሬ እናንተው ሜዳ ላይ ነው የማርፈው።

ገና የተጫወተ ሰው ግማሹን ያውቀዋል፤ ዱላ አለ፣ ሩር አለች። ልዩነቱ፣ ሩሯ መሬት ለመሬት አትሄድም። አንዱ 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆሞ ይወረውራታል፣ ሌላው ዱላውን አንሥቶ ይጠብቃታል። ወርዋሪውን ፒቸር ይሉታል። ኃይለኛ ፒቸር የለቀቃት ኳስ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ የደጀን መስመር ሚኒባሶች እንኳ እዚያ አይደርሱም፣ ሹፌሮቹ ካልተቆጡኝ። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው። አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጊዜ ይጋጠማል፤ በየቀኑ ነው ማለት ይቻላል።

ክንድ ግን በየቀኑ አይችልም። ማማ ላይ ወፍ ሲጠብቅ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። ማሽላው ሲያሽት ቀኑን ሙሉ ወንጭፍ ሲያዞር የዋለ ልጅ፣ ማታ እንጀራ ሲቆርስ ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ አምስት ወርዋሪዎች ተራ ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ በአምስተኛው ቀን ይወረውራል። እንግዲህ ሒሳብ የሚወድ ሰው «ከአምስት ቀን አንድ ቀን የሚሠራ ሰው ቢጎዳ የጎደለን አንድ አምስተኛ ነው» ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ከዳላስ ወጣ ብሎ አርሊንግተን ላይ የሚጫወተው ቡድን ቴክሳስ ሬንጀርስ ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ በ2022 መጨረሻ፣ በዘመኑ ከነበሩት ምርጦች አንዱን፣ ጄኮብ ዲግሮምን ለአምስት ዓመት በ185 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት። ስድስት ጨዋታ ላይ ወረወረ፤ በስድስቱም ቡድኑ አሸነፈ። በስድስተኛው፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2015 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አራተኛው ዙር ላይ ክርኑ እምቢ አለውና ወጣ። ሰኔ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ የዓመቱ ነገር በዚያው አበቃ። ያን ሰሞን ታክሲዬ ውስጥ የሚገባው ሁሉ ከለቅሶ ቤት የመጣ ነበር የሚመስለው።

እኔ ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ሰዎቹ የሚማረሩት በአምስተኛው ቀን ብቻ አልነበረም። ሰኞም ያማርራሉ፣ ማክሰኞም። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ነው ያስረዳኝ፤ ሒሳብ ከፍሎኝ ከወረደ በኋላ እንኳ በመስኮቱ አንገቱን አስግቶ ያወራልኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮከቡ ሲወረውር ስድስትም ሰባትም ዙር ይሄዳል። የቀረውን ሁለት ሦስት ዙር የሚጨርሱት ተጠባባቂዎቹ ናቸው። እነሱ የሚቀመጡበት ጥግ ቡልፔን ይባላል፤ የኮርማ በረት እንደማለት ነው፣ ጎጃሜ ያወጣላቸው ይመስላል። ታዲያ ኮከቡ የሚወረውርበት ቀን ለበረቱ የዕረፍት ቀን ነው። እሱ ሲቀር በቦታው የገባው ልጅ አራተኛው ዙር ላይ ይደክማል፤ በረቱ አምስት ዙር ይሸከማል። በማግሥቱ በረቱ ውስጥ ያረፈ ክንድ የለም። አሠልጣኙ የዕለቱን ወርዋሪ ጠጋ ብሎ «ዛሬ ትንሽ ቆይልን» ይለዋል። ልጁ ጨዋ ነው፣ እሺ ይላል፣ ሃያ ኳስ ይጨምራል። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ የሁለተኛው ሰው ክርን ይጀምረዋል። የኮከቡ መጎዳት የሚከፈለው እሱ ድሮም በማይወረውርባቸው በአራቱ ቀናት ነው።

ይህን ለገበሬ ልጅ ማስረዳት አይከብድም። ከጥማዱ ብርቱው በሬ ቢሰበር ማሳው ጦሙን የሚያድረው የቀረው በሬ ሰነፍ ሆኖ ነው? ቀንበር ለብቻ አይጎተትም እንጂ። አንድ ሰው አስቦ፣ አንድ በሬ ስቦ የሚባለው ለዚህ ነው። ያንን የቀረውን በሬ ለብቻው ልጥመድህ ብትለው እሱንም ታጣዋለህ። አባቶቻችን ታዲያ ምን ያደርጋሉ? አንድ በሬ የቀረው ጎረቤት ፈልገው ይቀናጃሉ። ክረምቱ እስኪያልፍ ቅንጃ ነው።

ሬንጀርሶችም የተረፉት በቅንጃ ነው። ሌላ ዲግሮም ፍለጋ አልሄዱም፤ የትም አይገኝማ። መጀመሪያ ከበረቱ ዴን ደኒንግ የሚባለውን አወጡት። ዓመቱ ሲጀመር በመደበኛ ተራው ውስጥ ቦታ ያልነበረው ልጅ ነው፤ ዓመቱን በ12 ድል ጨረሰ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማክስ ሸርዘርንና ጆርዳን ሞንትጎመሪን ከሌሎች ቡድኖች አመጡ። በዚያው ሰሞን፣ ዲግሮም ከወጣ በኋላ ሸክሙን የተሸከመው ናታን ኢቫልዲ ክንዱን አሞት ከወር በላይ ቀረ። ዲግሮም ባይጎዳ ኢቫልዲ ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም፤ ግን ሽማግሌው ተሳፋሪዬ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ለዋንጫው ከተደረጉት ጨዋታዎች በሦስተኛው ሸርዘር ሦስት ዙር ወርውሮ ወገቡ ያዘው። ጆን ግሬይ ከበረቱ ወጥቶ ሦስት ዙር ያለ አንዳች ነጥብ ዘጋ። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ሬንጀርስ አሪዞናን በጨዋታ ብዛት 4 ለ 1 ጨርሶ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫ በላ። ያን ሌሊት እስኪነጋ ሠራሁ፣ ጉርሻውም ደኅና ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ ያምራል እንዳትሉ ግን። እንደ ፈረንጆቹ በ1966 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪ ሳንዲ ኮፋክስ በአንድ ዓመት 323 ዙር ወረወረ፣ 27 ጨዋታ አሸነፈ። ክርኑ በመገጣጠሚያ ብግነት ያልቅ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በ30 ዓመቱ፣ በቃኝ ብሎ ተሰናበተ። 95 ጨዋታ አሸንፎ ለዓመቱ ታላቅ ዋንጫ የቀረበው ቡድን በቀጣዩ ዓመት 73 ብቻ አሸንፎ ከአሥር ቡድን ስምንተኛ ሆነ። እርግጥ በዚያው ወቅት ሌሎች ጥሩ ተጫዋቾችም ለቀዋል፤ ሁሉን በኮፋክስ አላላክክም። ግን ያን ሁሉ ዙር አንድ ክንድ ላይ ከቆለልክ፣ ክንዱ ሲሄድ ዙሩ አብሮት አይሄድም። እዚያው ሜዳ ላይ የሚሸከመው ሰው ይፈልጋል።

አሁን ሁላችሁም አንድ እጃችሁን አንሡ። ወላጆችም። አውራ ጣትና ትንሿን ጣት አገናኙ፤ አንጓችሁን ወደ ራሳችሁ አጠፍ አድርጉት። አንጓው መሐል ላይ ገመድ መስሎ ብቅ የሚል ነገር አያችሁ? ያልወጣለት አይደንግጥ፤ አንዳንድ ሰው ሲፈጠርም የለውም፣ ምንም አይጎድልበትም። ክርን ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ አጥንትን ካጥንት የሚያስር ጅማት አለ፤ በውርወራ ብዛት የሚላላውና የሚበጠሰው እሱ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1974 ቶሚ ጆን የሚባል ወርዋሪ ሲበጠስበት፣ ፍራንክ ጆብ የሚባል ሐኪም ያቺን የአንጓ ገመድ ከሌላኛው እጁ ቆርጦ ክርኑ ላይ ተከላት። የመዳን ዕድልህ ከመቶ አንድ ነው ብሎት ነበር። ሰውየው 1975ን ሙሉ ቁጭ ብሎ፣ በ1976 ተመልሶ፣ እስከ 1989 ወረወረ። በዘመኑ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ናቸው። ሕክምናው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ይህን የሰማ ሁሉ «መድኃኒት አለው እኮ» ይላል። አዎ፣ ከ12 እስከ 18 ወር የሚወስድ መድኃኒት። ለመሆኑ እኛ ዘንድ ለአንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ይህን ማን ይሠራለታል? ያለን ወጌሻ ነው። ወጌሻ ወለምታ ያሻል፣ እጁን አይንሣን። የተበጠሰ ጅማት ግን እንደ ምላስ ወለምታ ነው፤ በቅቤ አይታሽም።

ወደ ራሴ ልምጣ።

አንድ ልጅ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም፣ ትምህርት ቤቱንም። በወንጭፍ ያደገ፣ ክንዱ ጅራፍ። እጅ ኳስ ሲወረውር በረኛው ኳሱን የሚያየው መረቡ ውስጥ ነበር። ዞን ድረስ አደረሰን። ከግማሽ ፍጻሜው በፊት በነበረው ምሽት መጥቶ፣ «ቲቸር፣ ክርኔን ውስጥ ለውስጥ ይነዝረኛል፤ ትንሿ ጣቴም ትደነዝዛለች» አለኝ። እኔ ምን አደረግሁ? በፋሻ ጠቀለልኩለትና «አይዞህ፣ ነገን ብቻ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አይዞህ የምትለዋን ቃል ስናገር እጠነቀቃለሁ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አንዱን ኳስ ወረወረ፣ እጁን መልሶ ማጠፍ አቃተው። አወጣሁት። ከዚያ የሆነውን ግን እስከ ዛሬ አየዋለሁ፤ የቀሩት ልጆች ኳሱን ይዘው ቆመው እሱን በዓይናቸው ይፈልጋሉ። ዓመቱን ሙሉ «ለእሱ ስጡት፣ ለእሱ ስጡት» ስል ነዋ የከረምኩት። ከሩቅ መወርወር አላስተማርኳቸውም። ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከናይጄሪያ ሲጫወቱ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ወጣ፣ ቅያሬው አልቋል፣ አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ፍጹም ቅጣት ምት ሊጠብቅ ቆመ። የእኔ ልጆች ሁሉም እንደዚያ ነበሩ፤ ጓንት እንኳ አልነበራቸውም። ተሸነፍን። እሱስ ይሁን። በቀጣዩ ዓመት በቦታው የተካሁት ልጅ ሁለት ወር ሳይሞላው ትከሻውን ያዘ። ከመጀመሪያው ምንም አልተማርኩም፤ ያንኑ ቀንበር አንሥቼ ሌላ አንገት ላይ ነው የጫንኩት።

ከተመለስኩ በኋላ ያን የመጀመሪያውን ልጅ ገበያ ላይ አገኘሁት። ጎልማሳ ሆኗል፣ ወልዷል። ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ፤ በግራ እጁ የቀኝ ክርኑን ደግፏል። ታላቅ ሰው እንዲህ ነው የሚጨበጠው፣ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ለአክብሮት ይሁን ለሕመሙ መለየት አቃተኝ። መጠየቅም አፈርኩ።

እና ምን ላድርግ ትላላችሁ? ቁጠሩ። አሜሪካ ውስጥ በልጆች ሊግ የ12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 ኳስ በላይ መወርወር አይፈቀድለትም፤ ከ65 ካለፈ ደግሞ አራት ቀን ያርፋል። ዳር ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው አለ። እኛ ጎል እንቆጥራለን፣ ካርድ እንቆጥራለን፤ አንድ ልጅ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደወረወረ የሚያውቅ አሠልጣኝ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። ... እንዳሰብኩት ነው። ቁጥሩን እንደ ታቦት ያዙት አልልም፤ የኛ ጨዋታ ሌላ፣ ኳሱም ሌላ ነው። ቆጠራውን ግን ጀምሩ።

ወላጆች፣ ይህቺ ለእናንተ ናት። ቅዳሜ ማሳ ላይ የተወነጨፈውን የሰኞ ልምምድ አያውቀውም። ልጁ ቅዳሜና እሑድ ወፍ ሲጠብቅ ከዋለ ንገሩን። ክንዱ አንድ ነው፤ ይሄ የማሽላ ነው፣ ይሄ የኳስ ነው ብሎ አይለይም።

አሠልጣኞች፣ ኮከባችሁ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አስቀምጡትና ተጫወቱ። አንድ ሁለት ጨዋታ ትሸነፋላችሁ፤ ርእሰ መምህሩም ይቆጣል። እሱን ለኔ ተዉልኝ። ሦስተኛውና አራተኛው ልጅ ከሩቅ መወርወር የሚለምዱት ያኔ ብቻ ነው። ደግሞ ልጅ «ይነዝረኛል» ካላችሁ፣ ፋሻውን ኪሳችሁ ውስጥ አስቀምጡት፣ ልጁን ወደ ሐኪም ላኩት።

በሩ አጠገብ ካርቶን ውስጥ ደብተር አለ፤ ለየቡድኑ ሁለት ሁለት ውሰዱ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች በእጄ አስምሬያቸዋለሁ፤ ስም፣ ቀን፣ የውርወራ ብዛት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ማሳ» የሚል ዓምድ አለ። እሷን ባዶ እንዳትተዉብኝ። እስክሪብቶ ግን ከየራሳችሁ ነው፣ እዚያ ላይ ገንዘቡ አልበቃኝም። አመሰግናለሁ።