ዳገት ላይ የሚደክም መኪና

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ክፉ ጠባይ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ደህና ነው፣ ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) አይንቀጠቀጥም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲባል ግን፣ ነዳጅ ሲረገጥ አንዴ ይሰጣል፣ አንዴ ይነፍጋል። ጥግ አስይዘው፣ አጥፍተው፣ አምስት ደቂቃ ቆይተው ሲያስነሱት ምንም እንዳልነበረ ይወጣል። ጋራዥ ሲደርስማ ጤነኛ ነው። ከዚያ በግምት ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የምታቀጣጥለው) ይቀየራል፣ ፊልትሮ ይቀየራል፣ ፓምፕ ይቀየራል። ገንዘቡ አለቀ፣ ችግሩ ግን እዚያው አለ።

እኔ የማምነው፣ ሄድ መለስ የሚል ችግር ሲደክም እንጂ ሲድን አይያዝም። ዕቃ ከመግዛት በፊት፣ በሚደክምበት ደቂቃ መለካት።

አንድ ነገር ቀድመን እንለይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። ይህ ድካም ግን ጠዋትም ማታም ያው ነው፤ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ቫክዩም ጌጅም (የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል የሚለካው መሣሪያ) ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጥገና መጽሐፉ በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ይላል፤ ያ ለባሕር ዳርቻ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ገደማ ስለሚቀንስ፣ እዚህ ከ9 እስከ 13 የሚያሳይ ሞተር ደህና ነው። ይህን ባለማወቅ ጤነኛ ሞተር ማስወረድ በጣም ያሳዝነኛል።

እንግዲህ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ኮሮላ እንውሰድ፣ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያለው። ባትሪ ከመነቀሉ በፊት ኮዱ (መኪናው ራሱ የመዘገበው የብልሽት ቁጥር) ይነበብ፤ ባትሪ ሲነቀል የተመዘገበው ሊጠፋ ይችላል። ኮፈኑ ሥር ባለችው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቴኢ1 (TE1) የሚለውን ቀዳዳ ከኢ1 (E1) ጋር በሽቦ አገናኝታችሁ ቁልፉን ክፈቱ። የሞተር መብራቷ ብልጭታ ትቆጥርላችኋለች፤ 31 የቫክዩም ሴንሰር ነው፣ 41 ነዳጅ ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር በር (ትሮትል) ሴንሰር።

ኮድ ከሌለ ወደ ነዳጁ። የግፊት ጌጅ በረጅም ቱቦ ይታሰርና ከፊት መስታወቱ በውጭ በኩል በፕላስተር ይለጠፍ። ቤንዚን ያለበት ቱቦ ወደ ውስጥ በፍጹም አይግባ። ከዚያ ዳገቱ ላይ፣ እግር ሙሉ ተረግጦ፣ መርፌው ከ2.7 እስከ 3.1 ባር መካከል መቆም አለበት። መኪናው ሲደክም መርፌው አብሮ ከወረደ ችግሩ ነዳጅ ነው። ካልወረደ ግን ፓምፑን አትንኩት።

ያቺ አምስት ደቂቃ እረፍት እዚህ ጋ ትርጉም አላት። ታንኩ ውስጥ፣ ፓምፑ አፍ ላይ ወንፊት አለ። ፓምፑ ሲስብ የታንኩ ዝቃጭና ዝገት ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፤ ሞተር ሲጠፋ መሳቡ ይቆምና ቆሻሻው ይረግፋል። መኪናው የዳነ የሚመስለው ለዚህ ነው። ላይኛውን ፊልትሮ አሥር ጊዜ ብትቀይሩ ይህን አያድነውም፤ ታንኩ ወርዶ መታጠብ አለበት። ወንፊቱ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ ጋ የሚደርሰውን ቮልት ለኩ። ከባትሪው ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ ሪሌው (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው)፣ ማገናኛው ወይም የመሬት ሽቦው ነው።

ግፊቱ ካልወረደስ? ብልጭታው ነው የሚጠረጠረው። ሞተር ሸክም ሲበዛበት ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ካንዴላዋም ለመብረቅ የበለጠ ቮልት ትፈልጋለች። ያኔ ኤሌክትሪኩ በደካማው በኩል ያመልጣል። ማታ ኮፈኑን ከፍታችሁ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ እጃችሁን ሳታስጠጉ የካንዴላ ገመዶቹ ላይ በመርጫ ውሃ እፍ አድርጉ፤ የሚያፈስ ካለ ሰማያዊ ብልጭታ ታያላችሁ፣ ጠቅ ጠቅ ሲልም ትሰማላችሁ። ከ25 ኪሎ ኦም በላይ የሚያነብ ገመድ አይረባም። ካንዴላዋን ስታወጡ ነጩን ሸክላ ብርሃን ላይ አዙሩት። እርሳስ የጫረው የመሰለ ቀጭን ጥቁር መስመር ቁልቁል ከወረደ፣ ኤሌክትሪኩ መንገድ ሠርቷል ማለት ነው። ጠርጎ መመለስ ዋጋ የለውም፤ የገመዱ ጎማም ውስጡ ያንኑ መስመር ይዟልና አብሮ ይቀየር። የአዲሷ ካንዴላ ክፍተት ለዚህ ሞተር 0.8 ሚሊሜትር ነው። ሲሞቅ ብቻ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ቦቢናው (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው) የሚለካው እንደሞቀ ነው፤ ቀዝቅዞ ሁልጊዜ ደህና ያነባል።

ጭስ ማውጫውን በአጭሩ። ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ ያዙት። ቫክዩሙ ቀስ እያለ እየወረደ ከሄደ መውጫው ታፍኗል። ውስጡ የተሰበረ ማርሚታ (ድምፅ ማፈኛው) ወይም ካታሊክ (የጭሱን መርዝ ማጣሪያው) ስባሪው እየተገላበጠ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፍታል፤ በቡጢ መታ ስታደርጉት ይንኳኳል። ግን ቀዝቅዞ ይሁን።

ጥገናው ሲያልቅ ጌጁ ወዲያው አይነቀል። በዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ፣ መጀመሪያ ሲደክም በነበረው የታንክ መጠን አንድ ጊዜ ይውጣ፤ መኪናው ሳይደክም፣ መርፌውም ሳይወርድ እላይ ከተደረሰ ያኔ ይፈታል።