ኮምፒውተራችሁ ስታክ ያደርጋል? ከፎርማት በፊት ሙቀቱን ለኩ

[ምስል፦ የዴስክቶፕ ስክሪን። የማውሱ ቀስት መሀል ላይ ቆሟል። ጥግ ላይ ያለው ሰዓት አይቆጥርም።]

ማውሱ አይነቃነቅም። ኪቦርዱ አይሰማም። ሰዓቱ እንኳ ቆሟል። የቀራችሁ ፓወሩን ተጭኖ ማጥፋት ነው። ታበሩታላችሁ፣ ትንሽ ይሠራል፣ እንደገና ቀጥ።

ሠፈር ያለ ጥገና ቤት ብትወስዱት የመጀመሪያው መልስ የታወቀ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ።» ፎርማት አንዳንዴ ይሠራል። አልክድም። ግን ፎርማት አቧራ አይጠርግም፣ የደረቀ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት (ፔስት) አይቀይርም፣ የሞተ ፋን አያስነሳም። ችግሩ ከሙቀት ከሆነ ፎቶና ዶክመንታችሁን አጥታችሁ፣ ገንዘብ ከፍላችሁ፣ በሳምንቱ ያው የደረቀ ስክሪን ፊት ትቀመጣላችሁ። ስለዚህ ማንም ሰው ፎርማት ሳያደርግባችሁ በፊት አንድ ቁጥር በእጃችሁ ይኑር። የሙቀቱ ቁጥር።

[ስክሪን ላይ፦ «አቋቋሙን እዩ»]

ሙቀት የራሱ ጠባይ አለው። ጠዋት ስታበሩት ደህና ነው። ጌም ወይም ቪዲዮ ኤዲቲንግ ስትጀምሩ ፋኑ ይጮሃል። ሥራው ይንቀራፈፋል። ከዚያ ወይ ደርቆ ይቀራል፣ ወይ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ወዲያው መልሳችሁ ብታበሩት ቶሎ ይደግመዋል። ግማሽ ሰዓት አሳርፋችሁ ብታበሩት ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ይህን ካያችሁ ሙቀትን ጠርጥሩ።

ለምን ይንቀራፈፋል? ዘመናዊ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ዋናው ቺፕ፣ ውስጡ የሙቀት መለኪያ አለው። አብዛኞቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጉ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። እሱም ካልበቃ ማሽኑን ያጠፉታል። በ2001 እ.ኤ.አ. ቶምስ ሃርድዌር የተባለው ድረ ገጽ ይህን በቪዲዮ አሳይቶ ብዙ ሰው አስገርሞ ነበር። ጌም እየሠራ እያለ ሂትሲንኩን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠውን ክንፍ ክንፍ ያለው ማቀዝቀዣ፣ ከላዩ አነሡት። የኢንቴሉ ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ ሥራውን ቀጠለ። ፔንቲየም 3 ደርቆ ቆመ፣ ግን አልሞተም። የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ የዚያን ጊዜ አትሎኖች ተቃጠሉ። ዛሬ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮችም ራሳቸውን ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ ጭስ አትጠብቁ።

ከዚህ አንድ ነገር እንያዝ። ፕሮሰሰር ብቻውን ሲግል መጀመሪያ ይዘገያል፣ ቀጥሎ ይጠፋል። ምንም ሳይንቀራፈፍ በድንገት የሚደርቅ ኮምፒውተር ከሆነ ሌላ ዕቃም አብራችሁ ጠርጥሩ። ወደዚያ እንመጣለን።

[ምስል፦ የኤች ደብሊው ሞኒተር መስኮት፣ ሦስት የቁጥር ዓምዶች]

አሁን እንለካ። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር የፕሮሰሰር ሙቀት አያሳይም። ኤች ደብሊው ሞኒተር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ከሠሪው ከሲፒዩአይዲ ድረ ገጽ አውርዱት፤ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ፋይል ተዉት። ስትከፍቱት አሁን ያለውን፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ቁጥር ጎን ለጎን ያሳያችኋል። የፕሮሰሰራችሁን ስም ፈልጉና ከሥሩ «ፓኬጅ» የሚለውን መስመር ያዙ።

ኮምፒውተሩ በርቶ ምንም ሳይሠራ ከ35 እስከ 50 ዲግሪ ቢሆን ጤነኛ ነው። ከባድ ሥራ ላይ 70 ወይም 80 ቢደርስ አትደንግጡ። ምንም ሳትነኩት 70 ከሆነ ግን የሆነ ነገር አለ። ዩቲዩብ ብቻ ከፍታችሁ 95 ከነካ ደግሞ ተጠርጣሪው ተያዘ ማለት ነው። የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ዴስክቶፖች ግን ይለያሉ። እነሱ ከባድ ሥራ ላይ እስከ 95 እንዲሄዱ ሆነው ነው የተሠሩት።

«ስታክ ካደረገ በኋላ በምን አየዋለሁ?» ካላችሁ፣ መስኮቱን ስክሪኑ ጥግ ላይ ክፍት አድርጋችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ። ስክሪኑ ሲደርቅ ቁጥሩም አብሮ ይደርቃል። ሳታጠፉት በስልክ ፎቶ አንሡት። 97 ላይ ከደረቀ አንድ ነገር ነው። 52 ላይ ከደረቀ ሌላ ነገር ነው፣ በሙቀት አታሳብቡ።

ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋባችሁ ከሆነ ደግሞ ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ግቡ፣ ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም። «ከርነል ፓወር 41» የሚል ቀይ ምልክት ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ በሽታው የታወቀ ይመስለዋል። 41 የሚለው ኮምፒውተሩ በሥርዓት አልተዘጋም ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም። እናንተ «ከርነል ፓወር 86»ን ፈልጉ። እሱ በሙቀት ጠፋ ብሎ በግልጽ ይጽፋል።

ዴስክቶፕ ላላችሁ ከዚህም የቀለለ ሙከራ አለ። የኬዙን የጎን ክዳን ክፈቱና የቤት ቬንትሌተር አዙሩበት። መድረቁ ከቀረ ነገሩ ሙቀት ነው። ለዘለቄታው ግን እንዲህ አትተዉት፤ ቤቱ ውስጥ ያለው አቧራ በሙሉ ወደዚያ ነው የሚገባው።

[ምስል፦ አዲስ አበባ ከእንጦጦ ላይ]

«አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ እዚህ ኮምፒውተር በሙቀት አይቸገርም» የሚል ሰው አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው፣ የክፍሉ ቅዝቃዜ ይረዳል። ግን ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል። ፋን ሙቀት የሚያወጣው አየር እየገፋ ነው። አየሩ ሲሳሳ በአንድ ዙር ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። የሰርቨር አምራቾች ማንዋላቸው ላይ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የተፈቀደውን የክፍል ሙቀት ዝቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የበጋውን አቧራ ጨምሩበት።

ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ላላችሁ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ወፍራም ነው፣ ግን ራሱ ሞቃት ነው። ክፍሉ 38 ከሆነ የትኛውም ፋን ፕሮሰሰሩን ከ38 በታች አያወርደውም።

[ስክሪን ላይ፦ «ከፍተን እንጽዳ»]

ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ፓወር ቁልፉን ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ውስጡን ከመንካታችሁ በፊት የኬዙን ብረት ንኩ። ከዚያ በረንዳ ላይ አውጡት፤ ሳሎን ውስጥ ብትነፉት ሶፋው ላይ ነው የሚያርፈው።

[ቅርብ ምስል፦ ሂትሲንክ ከላይ፣ ፋኑ ተነሥቶ]

ከላይ ስታዩት ፋኑ ትንሽ የቆሸሸ ብቻ ይመስላል። ዋናው ነገር ያለው ከፋኑ ሥር ነው። ፋኑን ብቻ ከሂትሲንኩ ላይ ፈትታችሁ ስታነሡት የሂትሲንኩ ክንፎች አይታዩም። በላያቸው ላይ ግራጫ ነገር እንደ ተባዘተ ጥጥ ተነጥፏል። በጣት ሲይዙት በአንድ ቁራጭ ተልጦ ይነሣል። ፋኑ ሲጮህ የከረመው ለዚህ ነው፤ የሚገፋው አየር መግቢያ አጥቷል።

በለስላሳ ብሩሽና በትንሽ ብሎወር አጽዱት። ስትነፉ የፋኑን ምላጭ በጣት ወይም በስቴኪኒ ያዙት። በነፋስ ብቻ ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል። ጎሚስታ ወስዶ በጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ማስነፋት ፈጣን ይመስላል፣ እኔ ግን አልመክርም። ግፊቱ ከባድ ነው፣ ከአየሩ ጋርም ውሃ ይተፋል።

አሁን ብዙ ጠጋኞች ሳያዩት የሚያልፉትን ነገር ላሳያችሁ።

[ቅርብ ምስል፦ የኢንቴል ፋን አንዱ የፕላስቲክ እግር]

ከኢንቴል ፕሮሰሰር ጋር አብሮ የሚመጣው ክብ ፋን አራት የፕላስቲክ እግሮች አሉት። እያንዳንዱ እግር በማዘርቦርዱ ቀዳዳ ያልፍና ከሥር ተከፍቶ ይይዛል። ኮምፒውተሩ ቤት ሲቀየር መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ከአራቱ አንዱ ብቅ ሊል ይችላል። ሲያዩት ምንም አይመስልም። ፋኑ ይዞራል፣ አቧራም የለም። ሂትሲንኩ ግን በአንድ ጎን ከፕሮሰሰሩ ላይ በትንሹ ተነሥቷል። በዚያች ክፍተት ውስጥ አየር አለ፣ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። ውጤቱ ኮምፒውተሩ በበራ በደቂቃ ውስጥ 90 መግባት ነው። ምርመራው ቀላል ነው። እግሮቹን ተራ በተራ ወደ ላይ ሳብ አድርጓቸው። የላላውን ታገኙታላችሁ። ጭንቅላቱን ቀስቱ በሚያሳየው ተቃራኒ አዙሩት፣ ቀጥ አድርጋችሁ «ቀጭ» እስኪል ጫኑት። ለዚህ ፎርማት አያስፈልግም።

አቧራውም ጸድቶ፣ እግሮቹም ጠብቀው ቁጥሩ ካልወረደ ተራው የፔስቱ ነው። ተርማል ፔስት በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ያለችውን ክፍተት የሚሞላ ቅባት ነው። ዓመታት ሲያልፉ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ከመንቀላችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ትንሽ አሠርታችሁ አሙቁት፣ አጥፉት፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ሂትሲንኩን ግራ ቀኝ በቀስታ እያዞራችሁ አንሡት። ቀጥ አድርጎ መንጨቅ ኤኤም 4 የሚባለው ሶኬት ባላቸው የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ፕሮሰሰሩን ከነእግሩ ከሶኬቱ ሊነቅለው ይችላል፤ የተጣመመ ፒን ማቅናት ደግሞ የዓይን ሥራ ነው። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጥረጉ። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ቅባት ይተዋል። አዲሱን መሀል ላይ የአተር ፍሬ ታህል አድርጉ። ማብዛት አይጠቅምም፣ ተርፎ ጎን ለጎን ይወጣል።

ላፕቶፕ ላይ ነገሩ ያው ነው፣ አከፋፈቱ ግን ይከብዳል። ባትሪውን ሳታላቅቁ ምንም አትንኩ፤ እጃችሁ ካልለመደ ለባለሙያ ስጡት። ከዚያ በፊት ግን አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ መጠቀም አቁሙና ቁጥሩን እንደገና እዩ። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች አየር የሚገባው ከሥሩ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ የኋላውን በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ ማድረግ ብቻ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

[ስክሪን ላይ፦ «ቁጥሩ ደህና ከሆነስ?»]

ስክሪኑ 52 ላይ ደርቆ ፎቶ ያነሣችሁ ሰዎች፣ አሁን እናንተ ጋ መጣን።

ሲደርቅ ካፕስ ሎክን ተጫኑ። መብራቱ ከበራና ከጠፋ ኮምፒውተሩ አልሞተም፣ ምናልባት የተያዘው ግራፊክስ ነው። የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የB ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ፤ የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ ማለትም የስክሪኑን ምስል የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ እንደገና ያስነሣዋል። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ከተመለሰ ድራይቨሩን አዘምኑ።

ለጥቂት ሰከንድ ደርቆ ራሱ የሚመለስ ከሆነ ታስክ ማናጀር ላይ ዲስክ የሚለውን እዩ። ምንም ሳትሠሩ 100 ፐርሰንት ላይ የሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ወይ በጣም ዘግይቷል ወይ እየሞተ ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ሰማያዊ ካሳየ ደህና ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ፋይላችሁን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። በሚሞት ዲስክ ላይ ፎርማት ማድረግ የመጨረሻውን ትንፋሽ መውሰድ ነው።

ድምፁ «ጥጥጥጥ» እያለ በአንድ ቦታ እየደጋገመ ከደረቀ ራሙንም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ ካርድ) ተጠራጠሩ። ነቅላችሁ የወርቅማውን ጥርስ በላጲስ ፈቅፍቃችሁ መልሱት። የጥገና ቤት ብልሃት ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ሁለት ራም ካላችሁ በአንዱ ብቻ አሠሩት፣ ከዚያ በሌላው። ዊንዶውስም የራሱ መመርመሪያ አለው፤ ስታርት ላይ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ብላችሁ ፈልጉት።

አሁንም ካለየላችሁ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ፣ ውስጥ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ተዉት። እዚያ ዊንዶውስ የለም፣ ቫይረስ የለም፣ ድራይቨር የለም። ባዮስ ውስጥም ከደረቀ ችግሩ ሃርድዌር ነው፤ «ፎርማት ይደረግ» ለሚላችሁ ሰው ይህን ንገሩት።

[ምስል፦ ሶኬት፣ ስታብላይዘር፣ የኮምፒውተሩ ገመድ]

የመጨረሻው ተጠርጣሪ ግድግዳው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የሚደርቀው ማታ ሠፈሩ ሁሉ ምድጃ በለኮሰ ሰዓት ከሆነ፣ ወይም የቤቱ መብራት ደብዘዝ ሲል ከሆነ፣ 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ወርዷል። ደካማ ፓወር ሰፕላይ ያንን መቋቋም ያቅተዋል። ማሽኑን ለሁለት ቀን መብራት የማይዋዥቅበት ዘመድ ቤት ወስዳችሁ አሠሩት። እዚያ ካልደረቀ፣ ከራም በፊት ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ግዙ። እዚያም ከደረቀ ፓወር ሰፕላዩን በሌላ ቀይራችሁ ሞክሩ።